ዕቃ ቤታችሁ ሞልቶ በሩ አልዘጋ ላላችሁ፦ ይህን ቆራሌ ጥሩት

የሠራን ሰው ማመስገን ደግ ነው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ቀበና ባለው የእናቴ ግቢ፣ ጓሮ ውስጥ፣ በቆርቆሮ የተሠራች ዕቃ ቤት አለች። አባታችን በሕይወት ሳለ የዶማና የአካፋ ማስቀመጫ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ግን የተሰበረው፣ ያረጀው፣ "ለማንኛውም ይቀመጥ" የተባለው ሁሉ እዚያ ገባ። እማዬ ደግሞ ዕቃ መጣል አይሆንላትም። የተበሳ ጄሪካን፣ የዛገ ፌሮ፣ ድንጋይ የሆነ ሲሚንቶ፣ የሞተ የመኪና ባትሪ፣ እግር የሌለው ወንበር… ምን የሌለ ነገር አለ! ክረምቱ ሳይገባ ይጽዳ ተባለና ጎረቤታችን ይህን ልጅ ጠቆመችን።

ቆራሌ ምን ይመረጣል የሚል ካለ፣ ይመረጣል።

እንደመጣ ዋጋ አልጠራም። መጀመሪያ ሁሉንም አወጣና ሣሩ ላይ ለየው። ብረቱን ለብቻ፣ ቆርቆሮውን ለብቻ፣ ድስትና ሰሃኑን ለብቻ፣ ጄሪካኑንና ሃይላንዱን ለየብቻ። "ተደባልቆ ከተመዘነ ሁሉም በቆርቆሮ ዋጋ ነው የሚሄድባችሁ" አለን። ይህን የሚነግር ገዢ ስንት አለ? ለማታውቁ፦ ከቆርቆሮ ብረት ይሻላል፣ ከብረት አሉሚኒየም ይሻላል፣ መዳብ ደግሞ ሁሉንም ይበልጣል። መዳቡ ያለው አሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ ነው። አንዳንዱ ገመዱን በእሳት አቃጥሎ ያወጣዋል፣ ጭሱም ሰፈሩን ይመርዛል። ይኼኛው ቁጭ ብሎ በቢላዋ ነው የሚልጠው።

ወደ ሚዛኑ ልምጣ። የቆራሌ ሚዛን መታማቱን የማያውቅ የለም። እማዬም ዝም ብላ ኩሽና ገባችና ያልተከፈተ የአንድ ኪሎ ስኳር ይዛ ወጣች።

"ልጄ፣ እስቲ ይቺን አንጠልጥልልኝ።"

እኔ አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። እሱ ግን ሳቀ። "እማማ፣ ጥሩ አደረጉ፣ ሁሌም እንዲህ ይፈትኑን" ብሎ ስኳሩን ሰቀለው። ቀስቷ አንድ ኪሎ ላይ ሄዳ ቆመች። እማዬ ምንም አልተናገረችም። ተመልሳ ገባችና ቡና መቁላት ጀመረች።

እኔን ግን ያሸነፈኝ የሲንጀሩ ነገር ነው። የአያቴ የስፌት መኪና ጆንያ ሥር ተቀብሮ ኖሮ ዝጎ ወጣ። ወንድሜ ከብረቱ ጋር ይመዘን አለ፤ ከባድ ስለሆነ ኪሎ ይጨምራል ብሎ። ልጁ በጨርቁ ጠረገውና የጎኑን መዘውር ሊያዞረው ሞከረ። እምቢ አለ። ዘይት ለመነን፣ የምግብ ዘይት ሰጠነው፣ ጠብ ጠብ አድርጎበት ትንሽ ቆየና ደግሞ ሞከረ። መርፌ መያዣው ወደ ላይ ወደ ታች ማለት ጀመረ። "ጋሼ፣ ይሄን በኪሎ ብገዛዎት የማተርፈው እኔ ነኝ። ይልቅ ጠጋኝ ያሳዩት" አለው ወንድሜን። በእጁ የገባ ሲሳይ ነበር እኮ፣ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም።

የማይወስደውንም በግልጽ ይናገራል። ስሙ የለቀቀ አሮጌ የተባይ መድኃኒት በጠርሙስ ተገኝቶ ወንድሜ ቦይ ውስጥ ሊደፋው ሲል ተቆጣው። ቦዩ ቀበና ወንዝ ነው የሚገባው፣ ከታች በዚያ ውኃ ጎመን የሚያጠጣ አለ። ሳይከፍተው በፌስታል ጠቅልሎ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ አስቀመጠልን፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ቆልፉበት ብሎ። ባትሪውን ገዝቶናል፤ እሱንም ክብደት እንዲቀንስለት አሲዱን መሬት ላይ ሳያፈስ፣ ቀጥ አድርጎ ነው የተሸከመው። እንጨት አይገዛም። ቀለም የተቀባውን ግን ለእንጀራ ማገዶ እንዳታደርጉት ብሎ አስጠንቅቆናል። የቀረውን ግሳንግስ የሚወስድ ባለጋሪ ራሱ ጠራልን።

ብረት ብረቱ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው የሚሄደው። እዚያ የሄደ ሰው ያውቀዋል፣ የትናንቱ በርሜል ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ሆኖ ይወጣል። እማዬ ይህን ስትሰማ ነው መሰለኝ ልቧ የቆረጠላት። ተጣለ ሲባል ነው እንጂ የሚያማት፣ ሌላ ነገር ሆነ ከተባለ አትሰስትም።

ጉድለት የለውም አልልም። ቀጠሮ ላይ ትንሽ ይዘገያል፤ ጠዋት ካላችሁ ረፋድ ላይ ጠብቁት። መርካቶ ከገባም ስልክ አይሰማም፣ ደጋግማችሁ ደውሉ። ገንዘቡም ያን ያህል አያደልብም፣ ለሱ ብላችሁ አትጥሩት። ዕቃ ቤቱን ግን ባዶ አድርጎ፣ መጥረጊያ ተቀብሎ ጠርጎ ነው የሄደው።

ቀበናና አካባቢው ላላችሁ ስልኩን በውስጥ ጠይቁኝ፣ እሰጣለሁ። እዚህ እንዳልለጥፈው ብሎኛል። ከመምጣቱ በፊት ገመድና ድስት ነክ ነገር ለየት አድርጋችሁ ብታቆዩት ሥራው ይፈጥናል።