በአንድ ቃል የፈተንኩት መዝገበ ቃላት

አዲስ የእንግሊዝኛ–አማርኛ የስልክ መዝገበ ቃላት ስጭን መጀመሪያ የምጽፍበት ቃል የእንግሊዝኛው «ጂኒየስ» ነው። ሥራዬ የፊልም ንግግር ወደ አማርኛ መመለስ ነው፤ ከስክሪኑ ግርጌ የምታነቧትን ጽሑፍ ማለቴ ነው። ይቺ ቃል ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደነሳችኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሦስት ወር የተጠቀምኩበት ይሄ መተግበሪያ (ስሙን ልተወው፣ ሠሪዎቹ ገና እየነካኩት ነው) ሁለት ፍቺ ሰጠኝ፦ «ሊቅ» እና «ጂኒ»። አለቀ።

«ሊቅ» አያስኬድም አልልም። ግን ሊቅ በግእዝ ሽማግሌ፣ አለቃ ማለት ነው። «ሊቀ መንበር» ውስጥ ያለው ሊቀ እሱ ነው። ሊቅ ሲባል መጽሐፍ ሲያገላብጥ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ይታየናል። ሞዛርት ገና በ5 ዓመቱ ሙዚቃ ሲደርስ ሊቅ ብትሉት ልጁ ላይ ጺም የቀጠላችሁበት ይመስላል። እዚያ ጋ «ተሰጥኦ» ወይም «ምጡቅ» ይሻላል። መተግበሪያው ሁለቱንም አያውቃቸውም።

«ጂኒ» የሚለውን ሳይ ሳቅኩ። ኋላ ሳስበው ግን ያን ያህል አልሳተም። ጂኒየስ የላቲን ቃል ነው። ለሮማውያን ከእያንዳንዱ ወንድ ጋር አብሮ የሚወለድ ጠባቂ መንፈስ ነበር፤ የሴቶቹ ዩኖ ይባላል። በልደቱ ቀን ስጦታ ያቀርቡለታል። ቁርጥ የኛ ውቃቢ! ቦታም የራሱ ነበረው፣ «ጂኒየስ ሎሲ» ይሉታል። እኛስ ገብተን የሚጨንቀንን ቤት «ውቃቢ የራቀው» እንል የለ? እንግዲህ በጥንቱ አነጋገር ሰው ጂኒየስ አለው እንጂ ጂኒየስ ነው አይባልም። ሰውየው ራሱ ጂኒየስ መባሉ የጠናው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጂኒ ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ ሌላ ቃል ነው። የዐረብ ተረቶችን የመለሰ የፈረንሳይ ተርጓሚ በጂኒ ፋንታ በድምፅም በፍቺም የቀረበውን የራሱን «ዤኒ» (ከላቲኑ ጂኒየስ የመጣውን) ተካበትና ሁለቱ ተደባለቁ። ይሄን በሁለት መስመር ቢጽፉት ምን ነበረበት? እንዲሁ ጂኒ ብሎ መሄድ ሰው ያስደነግጣል።

የምሳሌ ዓረፍተ ነገሮቹ ናቸው ያናደዱኝ። «ስትሮክ ኦፍ ጂኒየስ» የሚለውን፣ ድንገት ብልጭ የሚል ድንቅ ሐሳብ ማለት ነው፣ «የሊቅ ስትሮክ» ብሎታል። በሽተኛ አደረገው! ሹፈቱም አይገባውም። መኪና ውስጥ ቁልፍ ረስቶ በሩን የዘጋ ጓደኛ «ጂኒየስ!» ሲባል፣ አማርኛው «ሊቅ ነህ» አይደለም። እኔ «አይ ፈላስፋው!» ብዬ አልፌዋለሁ። ሰው የማበሳጨት ጂኒየስ ያላት ገጸ ባሕርይም ገጥማኛለች፤ «ማናደድ ተክናበታለች» አልኩ፣ ገጠመ።

ከታች ደግሞ ሳጥን አለ፦ «አይኪው ከ140 በላይ የሆነ ሰው»። አይኪው የአእምሮ ብቃት ፈተና ነጥብ ነው። እንደ ሕግ አንቀጽ! ይቺን መስመር በ1916 ያሰመረው ሉዊስ ተርማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው ነው። እሱ በ1921 ለጀመረው የጎበዝ ልጆች ጥናት ተፈትነው ነጥብ ካልሞላላቸው ልጆች ሁለቱ፣ ዊሊያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ፣ በኋላ በፊዚክስ ኖቤል ወስደዋል። ሳጥኑን ቢያነሱት እመርጣለሁ።

እውነቱን ለመናገር ሌላው ነገሩ ደህና ነው። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ፈጣን ነው። በ«ጸ» ጻፉት በ«ፀ» ቃሉን ያገኘዋል፤ ይሄን የማይችል ስንት አለ። ለዕለት ተዕለት ቃል እስካሁን አላጠፋሁትም።

ስለ ስትሮኩ ጻፍኩላቸው። በሳምንቱ አስተካክለውት አገኘሁ፤ አሁን «የሊቅ ሐሳብ» ይላል። እኔ ፊልሙ ላይ «እንዴት መጣልሽ?» ብዬ ጨርሼው ነበር።