ብርቱካን የመራችው ምርጫ ቦርድ፦ የአንዲት መራጭ ግምገማ

በ2002 ካርድ አልወሰድኩም። በ2007ም አልወሰድኩም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ሰዎች የተገደሉበት ሐዘን ከልቤ አልወጣም ነበር። በ2013 ግን ተመዘገብኩ። ምክንያቴ አንድ ነው፤ ቦርዱን የምትመራው ብርቱካን ሚደቅሳ ስለነበረች። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንደ ፖለቲከኛ ሳይሆን አገልግሎቱን እንዳገኘች ሰው ነው።

ያደግኩት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ብርቱካንም የሰፈራችን ልጅ ናት። በአካል አንተዋወቅም፤ ግን ስሟ በተነሳ ቁጥር ጆሮዬን አቆማለሁ። በ1994 የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳለች በሙስና የተከሰሰውን የቀድሞ መከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃን በዋስ ለቀቀችው። ሰውየው ከፍርድ ቤቱ ገና እንደወጣ መልሰው ያዙት። እናቴ ያን ቀን «ይቺ ልጅ ግን አትፈራም?» ስትል ትዝ ይለኛል።

ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። የተቃዋሚዎች ጥምረት የነበረው የቅንጅት ምክትል ሊቀመንበር ሆነች። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ታሰረች፤ ዕድሜ ልክም ተፈረደባት። በ1999 በይቅርታ ወጥታ አንድነት ፓርቲን መራች። በታኅሣሥ 2001 እንደገና ያዟት፤ የዕድሜ ልክ እስራቱም ተመለሰባት። በዚያኛው እስር እንዲጠይቋት የተፈቀደላቸው እናቷና ትንሿ ልጇ ብቻ ነበሩ። ይህን ስሰማ አልቅሻለሁ። እኔም የሴት ልጅ እናት ነኝ።

ኅዳር 13 ቀን 2011 ፓርላማው የቦርዱ ሰብሳቢ አድርጎ ሾማት። የፓርቲ መሪ የነበረች ሰው እንዴት ዳኛ ትሆናለች ያሉ ነበሩ። ለእኔ ግን በምርጫ ምክንያት ከታሰረ ሰው በላይ የምርጫን ዋጋ የሚያውቅ የለም። በዓመቱ የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ መጣ። በሰላም ሲያልቅ ልቤ ትንሽ ረጋ አለ።

ሰኔ 14፣ ሰኞ። ገና ሳይነጋ ጎረቤታችንን እማማን ይዤ ወጣሁ። ዓይናቸው ደክሟል። ሰልፈኛው «ማዘር፣ ይለፉ» ብሎ ወደ ፊት አሳለፋቸው። አስፈጻሚዋ ወጣት ነበረች። ስማቸውን ከመዝገቡ አመሳክራ፣ የሚረዳቸውን ሰው ራሳቸው መምረጥ እንደሚችሉ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። እኔን መረጡ። ሁለት ወረቀት ተሰጣቸው፤ አንዱ ለፓርላማ፣ አንዱ ለከተማው ምክር ቤት። የት ላይ ምልክት እንዳደረግንላቸው እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። በማግስቱ ውጤቱ በሩ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ቁጥሩም ፊርማውም አለበት። ፎቶ አነሳሁት። ለእኔ ትልቁ አገልግሎት ይህ ነበር፤ ማንንም ሳልለምን ቁጥሩን በዓይኔ ማየቴ።

ጉድለቱን ደግሞ አልደብቅም። ትግራይ ውስጥ ምርጫ አልነበረም። የሶማሌና የሐረሪ ሕዝብ እስከ መስከረም 20 ቀን 2014 ጠበቀ። ሁለቱ የኦሮሞ ተቃዋሚ ፓርቲዎች፣ ኦፌኮ (የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ) እና ኦነግ (የኦሮሞ ነጻነት ግንባር)፣ አልተወዳደሩም። ሐምሌ 3 ውጤቱ ሲነገር ብልጽግና ከ436 ወንበር 410ሩን ወሰደ። ቆጠራው የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ጠንካራ ተፎካካሪ የሌለበት ምርጫ አያጠግብም። ይህ ሁሉ የቦርዱ ጥፋት ነው አልልም፤ ግን ቅር ብሎኛል።

ከሁሉም በላይ የማስበው የተቃዋሚውን የባልደራስ ፓርቲ ጉዳይ ነው። እስክንድር ነጋና ሌሎች እስር ቤት ያሉ ዕጩዎቹ ይመዝገቡ ብሎ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰበር ሰሚ ችሎት ወሰነ። ቦርዱ መጀመሪያ የድምፅ መስጫው ወረቀት ታትሟል፣ ይቸግራል አለ። ያኔ በጣም ተናደድኩ። እሷ ራሷ ከእስር ቤት የወጣች ሰው አይደለችም እንዴ? ደግሞ በዳኝነት ዘመኗ የሰጠችው የዋስትና ትእዛዝ ፍርድ ቤት በር ላይ ሲሻር አይታለች። በኋላ ግን ቦርዱ ሐሳቡን ቀይሮ መዘገባቸው። አንድ መሥሪያ ቤት አልችልም ካለ በኋላ ለፍርድ ቤት ሲታዘዝ ማየት እኛ አገር የተለመደ አይደለም። እኔ ለብርቱካን ዘመን ትልቁን ነጥብ የምሰጠው እዚህ ላይ ነው።

በሰኔ 2015 በጤና ምክንያት መልቀቋን ስሰማ እናቴ ጋ ደወልኩ። «እሰይ፣ ትረፍ» አለችኝ። አሁን ቦታው ላይ ሜላትወርቅ ኃይሉ ናት። የ2013 ካርዴና በሩ ላይ ያነሳሁት ፎቶ አሁንም እኔ ጋ አሉ። በሚቀጥለው ምርጫም ድምፄን ሰጥቼ በማግስቱ ጠዋት ያንን በር ሄጄ አያለሁ።