«160 ጂቢ» ብለው 32 ሸጡልኝ፤ ላፕቶፕ ልትገዙ ያሰባችሁ ተጠንቀቁ

ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያስኬድ ሲስተም) የምትጠቀሙበት ያገለገለ ላፕቶፕ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ መጀመሪያ እኔ የተሸወድኩበትን አንብቡ። ማስታወቂያው «160 ጂቢ፣ ሊኑክስ የተጫነበት» ይል ነበር። ከገዛሁት ወር ሳይሞላ ላፕቶፑ የይለፍ ቃሌን ይቀበልና መልሶ እዚያው መግቢያው ላይ ይጥለኝ ጀመር። የይለፍ ቃሌን የረሳሁ መስሎኝ ስንት ጊዜ ደጋግሜ ጻፍኩ! ለካ ዲስኩ ሞልቶ ነው። 160 ጂቢ በወር? አንድ ፊልም እንኳ አላወረድኩም።

ስፈትሸው ጉዱ ወጣ። ውስጡ ያለው 32 ጂቢ ብቻ ነው። የቀረው 128 በጎኑ የተሰካች ሚሞሪ ካርድ ናት። ሁለቱን ደምረው ነው የሸጡልኝ። ሲስተሙም፣ ፕሮግራሞቹም፣ የኔ ፋይሎችም ትንሿ ላይ ተጨናንቀው ካርዷ ባዶዋን ተቀምጣለች። ያቺ 32 ደግሞ ኢኤምኤምሲ የሚባለው ዓይነት ናት፤ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደች ቺፕ ስለሆነች ኤስኤስዲ እንደሚባለው ዲስክ ነቅላችሁ በትልቅ አትቀይሯትም። አንዳንድ ላፕቶፕ ኤስኤስዲ የሚሰካበት ተጨማሪ የኤም.2 ማስገቢያ አለው። የኔው የለውም።

ሻጩን ስጠይቀው «ሊኑክስ ቀላል ነው፣ 32 ይበቃዋል» አለኝ። ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው የሚያታልለው። በተጫነ ቀን በእርግጥ ይበቃል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። 32 ጂቢ ተብሎ የሚሸጠው በ1024 ሲቆጠር 29.8 ገደማ ነው። ኤክስት4 የሚባለው የፋይል ስርዓት ካልከለከላችሁት 5 በመቶውን ለአስተዳዳሪው ይዞ ያስቀምጣል፤ 1.5 ጂቢ ገደማ እዚያ ሄደ። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ለዴስክቶፑ 25 ጂቢ ይመክራል። ሌላው ዓይነት፣ ሊኑክስ ሚንት፣ ቢያንስ 20 ብሎ፣ እንዲመቻችሁ ግን 100 ይላችኋል። ከዚያ ዝማኔ ይመጣል፦ አዲሱ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) አሮጌው ሳይጠፋ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ስናፕ በሚባለው የመጫኛ ዘዴ የገባ ፕሮግራምም የቀድሞ ቅጂውን ይዞ ይቆያል፣ የወረዱት የመጫኛ ጥቅሎችም እስክታጸዷቸው ድረስ ሊከማቹ ይችላሉ። እኔ ምንም ሳልነካ የሞላብኝ በዚህ ነው።

«1 ቴራ ክላውድ ጨምረንበታል» የሚሉም አሉ። እሱ ኢንተርኔት ላይ ያለ ቦታ ነው፤ ሲስተም አይጫንበትም፣ ከዲስክ ጋርም አይደመርም።

ስለዚህ ገንዘብ ሳትሰጡ በጎን የተሰካ ካርድ ካለ አውጡትና ላፕቶፑን አብሩት። ሻጩ የጫነውን ሊኑክስ አትመኑ፤ የራሳችሁን ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ሳትጭኑ መሞከር የሚለውን መርጣችሁ በእሱ አስነሱት። ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ኤል ኤስ ቢ ኤል ኬ ብላችሁ በትናንሽ ፊደላት፣ ያለ ክፍተት ጻፉ። የፍላሻችሁን መስመር ተዉት። የሚቀረው ስሙ በኤንቪኤምኢ የሚጀምር ከሆነ ኤስኤስዲ ነው። በኤምኤምሲ የሚጀምር ብቻ ከሆነ የኔው ዓይነት ነውና በዚያ ልክ ተደራደሩ፣ ወይም ትታችሁ ሂዱ። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው። እኔ ያን ጥቂት ደቂቃ አፍሬ ነው የተውኩት፤ ሰውየው ቆሞ እያየኝ ነበር።

እንደኔ ገዝታችሁ ለተቀመጣችሁ፦ ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት በትንሹ የመጫኛ ፋይል፣ ከባዱን ዴስክቶፕ ሳትመርጡ ጫኑ። እኔ ኤልኤክስኪውቲ የሚባለውን ቀላል ዴስክቶፕ ብቻ ጨምሬ ከግማሽ በላይ ቦታ ተርፎኛል። ከዝማኔ በኋላ አፕት ክሊን እና አፕት አውቶሪሙቭ የሚሉትን የማጽጃ ትዕዛዞች አትርሱ። ካርዷ ላይ ፎቶና ፊልም አስቀምጡ እንጂ የቤት ማህደራችሁን (ሆም የሚባለውን፣ ፋይሎቻችሁና ቅንብሮቻችሁ ያሉበትን) አታዛውሩ፤ ላፕቶፑ ተኝቶ ሲነቃ ካርዷ ከጠፋችበት ሁሉ ነገር ይበላሻል። ደግሞ የካርዷንም መጠን ኤፍ3 በሚባለው መፈተሻ አረጋግጡ፤ ከላይ ትልቅ ቁጥር ተጽፎባቸው ውስጣቸው ትንሽ የሆኑ የውሸት ካርዶች አሉ።

ልመልስለት ስሄድ «ደረሰኙ ላይ 160 ይላል፣ 160ውን ሰጥቼሃለሁ» ብሎ ሸኘኝ። እናንተ ስትገዙ የውስጡንና የካርዱን ለየብቻ አስጽፉ።