የፕላስቲክ ቅርጹ ይቅርና ሊጡ ይበቃል፦ በአያትና በየካ አባዶ ሱቆች ስለሚሸጠው የልጆች መጫወቻ ሊጥ

ከአያት ወደ ጣፎና ወደ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉ የጽሕፈት መሣሪያና የልጆች ዕቃ መሸጫዎች ውስጥ፣ ባለ ብዙ ቀለም የመጫወቻ ሊጥ ከደብተርና ከእርሳስ ጎን ተደርድሮ ማየት የተለመደ ሆኗል። ብዙ ወላጆች በታወቀው የአሜሪካ ማርካ ስም «ፕሌይ-ዶ» ብለው ይጠይቁታል፤ ሻጩ የሚያወጣላቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ፣ ስሙ የማይታወቅ ምርት ነው። በዚህ ግምገማ ማርካ የሌለውን ስብስብ፣ ዋናውን ባለ ማርካ ሊጥና በቤት የሚቦካውን ጎን ለጎን አያለሁ። የማስበው ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ስላሉ ሕፃናት ነው። መለኪያዬም ልጁ በእጁ ምን ይሠራበታል፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰውስ ምን እያለ ያጫውተዋል የሚለው ነው፤ የማሸጊያው ውበት ከቁጥር አይገባም።

ማርካ የሌለው ስብስብ ብዙውን ጊዜ በርከት ያሉ ትናንሽ የሊጥ ዕቃዎችን፣ የእንስሳትና የፍራፍሬ ቅርጽ ማውጫዎችን፣ መዳመጫን፣ የፕላስቲክ ቢላዋን፣ አንዳንዴም ሊጡን በቀዳዳ ገፍቶ በክር መልክ የሚያወጣ መጭመቂያን ይይዛል። የሊጡ ጥራት ከአንዱ ካርቶን ወደ ሌላው በእጅጉ ይለያያል። ደህናው ለስላሳ ነው፣ ቀለሙም ደማቅ ነው። መጥፎው ክዳኑ ሲከፈት ኃይለኛ የኬሚካል ሽታ አለው፣ መዳፍ ላይ ቀለም ይለቃል፣ ሲዳመጥም ዳር ዳሩ ይሰነጣጠቃል። ከሁሉ በላይ ያልወደድኩት ግን ከምን እንደተሠራ የሚገልጽ ጽሑፍ አለመኖሩ ነው፤ ካለም ወላጁ ሊያነበው በማይችለው ቋንቋ ነው። ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ለሚሰድ ልጅ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር መስጠት አይገባም። በዚህ ምክንያት ብቻ እንኳ ይህን ስብስብ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አልመክረውም።

ስለ ቅርጽ ማውጫዎቹ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል፤ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው በአብዛኛው ለእነርሱ ነውና። የሁለት ዓመት ሕፃን ሊጡን በዓሣው ወይም በኮከቡ ቅርጽ ውስጥ ይጠቀጥቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የአዋቂው ነው። ሊጡ ከጥጋጥጉ ስለሚጣበቅ እናቱ ወይም ሞግዚቷ በጥፍሯ እየቆፈረች ታወጣለች፣ ልጁ ዓሣውን ለአፍታ ያያል፣ ወዲያው «ድገሚው» ይላል። መጭመቂያውማ ከነአካቴው ለዚህ ዕድሜ የተሠራ አይመስልም፤ ለመግፋት የሚጠይቀው ጉልበት ከሕፃን መዳፍ በላይ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ የልጁ ጣቶች እምብዛም አልሠሩም፤ ውጤቱንም አስቀድሞ የወሰነው ፋብሪካው ነው። ያንኑ ሊጥ ያለ ምንም ዕቃ ቢሰጠው ይጨብጠዋል፣ በአውራ ጣቱ ይወጋዋል፣ ይቆነጥረዋል፣ ይቦጭቀዋል፣ ከጠረጴዛው ጋር ያላትመዋል። ቆይቶ እርሳስ ለመያዝ፣ ቁልፍ ለመቆለፍና እንጀራ ቆርሶ ለመጠቅለል የሚያስፈልገው የጣት ብርታት የሚጎለብተው በዚህ ዓይነት እንቅስቃሴ ነው።

የባለ ማርካው ሊጥ ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ነገሩ መጀመሪያ መጫወቻ አልነበረም፤ በ1930ዎቹ በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ፣ ከድንጋይ ከሰል ምድጃ የሚወጣው ጥቀርሻ በግድግዳ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ለማጽዳት የተሠራ ሊጥ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ የኩባንያው ባለቤቶች ዘመድ የሆነች ኬይ ዙፎል የምትባል የሕፃናት መምህርት በክፍሏ ላሉ ልጆች ስትሰጣቸው፣ ለትንንሽ እጅ ከተለመደው የቅርጻ ቅርጽ ጭቃ ይልቅ እንደሚለሰልስ ታየ፤ በ1956ም መጫወቻ ሆኖ ለገበያ ቀረበ። ያን ጊዜ ቀለሙ አንድ ብቻ ነበር፣ እርሱም ነጣ ያለ። የመጭመቂያው መሣሪያ የመጣው ከዚያ በኋላ በ1960 ነው። ልጆቹ ከወደዱት በኋላ የተጨመረው ዕቃ ዛሬ ዋናው ነገር መስሎ መሸጡ ያስገርመኛል።

ዋናው ምርት ሲገኝ፣ በሊጥነቱ ብቻ ከተመዘነ የሚያስከፋ ነገር የለውም። በብዛት ከውኃ፣ ከጨውና ከዱቄት የተሠራ ነው፤ በማሸጊያው ላይም ስንዴ እንዳለበት ይገለጻል፤ ይህም የስንዴ አለርጂ ላለባቸው ልጆች ወላጆች ጠቃሚ መረጃ ነው። ክዳኑ ከተዘነጋ ይደርቃል፤ ውኃ በጠብታ እየጨመሩ ማሸት ግን ብዙውን ጊዜ ይመልሰዋል። ችግሩ ዋጋውና አቅርቦቱ ነው። እኛ ሰፈር ሁልጊዜ አይገኝም፤ ሲገኝም ቅርጽ ማውጫ ከበዛበት ትልቅ ካርቶን ጋር ነው፤ የዚያ ካርቶን ዋጋ ደግሞ ብዙ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት ይገዛል።

ስለዚህ ምርጫዬ በቤት የሚዘጋጀው ነው። ሁለት ኩባያ ፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል የሎሚ ጭማቂና ሁለት ኩባያ ውኃ በብረት ድስት ተበጥብጦ፣ በዝግተኛ እሳት ላይ ሳያቋርጡ እያማሰሉ ከድስቱ ግድግዳ እስኪላቀቅ ይበስላል፤ በረድ ሲል በደንብ ይታሻል። በውጭ አገር አሠራር ከሎሚው ፈንታ የሚታዘዘውን የታርታር ዱቄት በየሱቁ መፈለግ አያስፈልግም፤ የሎሚው ኮምጣጣነት ሥራውን ይሠራል። ማብሰሉን ግን መዝለል አይገባም፤ ጥሬ ዱቄት ሆድ የሚያሳምሙ ጀርሞችን ሊይዝ ይችላል፣ ያልበሰለው ሊጥም ቶሎ ይልቆጣል። በጤፍ ዱቄት ልሥራ የሚል ካለ ውጤቱ ሌላ ነው፤ ጤፍ የስንዴን ሊጥ እንዲሳብ የሚያደርገው ግሉተን ስለሌለው ይፈረካከሳል። ስንዴ ለማይስማማው ልጅ ግን ከምንም ይሻላል።

ቀለም ለማግባት የምግብ ቀለም ከተገኘ ቀላሉ እርሱ ነው። እርድ ደማቅ ቢጫ ያወጣል፤ ልብስ ከነካ በኋላ በሳሙና ሲታጠብ ግን ቢጫው ወደ ቀይ ቡናማ ስለሚለወጥ የሚያይ ሰው ይደነግጣል። የቀይ ሥር ጭማቂ የሚያምር ሮዝ ይሰጣል፤ እሳት ላይ ሲቆይ ስለሚደበዝዝ መጨረሻ ላይ ማግባት ይሻላል። እኔ ብዙ ጊዜ ያለ ቀለም እተወዋለሁ፤ ልጄም ቅር ሲላት አላየሁም።

በቤት የሚሠራውን ሊጥ የሚቃወም ጠንካራ ክርክር የሰማሁት ከልጄ አያት ነው። ዱቄቱን ስለካ አይተው «ልጄ፣ እህል እኮ ነው! በእህል ይጫወታል እንዴ? ነውር ነው» አሉኝ። «እማማ፣ ከርሞ የሸተተ ዱቄት ነው፣ ለዳቦ አይሆንም» ብላቸው ጥቂት ዝም አሉና «እኛስ በጭቃ አልነበር ዕቃቃ የተጫወትነው? ለምን በጭቃ አትጫወትም?» ሲሉ መለሱ። ነገሩ ተራ የሽማግሌ ቁጣ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ዳቦ መሬት ሲወድቅ አንሥቶ በሚሳም ቤት ውስጥ፣ ልጅ እህልን እየረገጠ እንዲያድግ አለመፈለግ ተገቢ ነው፤ የዱቄት ዋጋ እንዲህ በናረበት ጊዜማ ይበልጡን። በእኛ ቤት የተደረሰበት ስምምነት ለሊጡ የሚውለው ለምግብ የማይሆነው ዱቄት ብቻ እንዲሆን፣ አንድ ጊዜ የተሠራውም እስኪበላሽ ድረስ ደጋግሞ እንዲያገለግል ነው።

የጭቃው ሐሳብ ራሱ ጠቃሚ ነው። ፍሪድሪሽ ፍሮቤል በጀርመን አገር በ1837 ዛሬ አፀደ ሕፃናት የምንለውን ዓይነት ትምህርት ሲጀምር፣ በጭቃ ቅርጽ መሥራት ለልጆች ካዘጋጃቸው ሥራዎች አንዱ ነበር። ይሁን እንጂ በእኛ ዳርቻ ከደጅ የሚዛቅ አፈር አይታመንም፤ ግንባታ በማያቋርጥበት ሰፈር ምስማር፣ የጠርሙስ ስባሪና የከብት እበት አብሮ ይመጣል። ንጹሕ የሸክላ ጭቃ የፈለገ ቀጨኔ ካሉት ሸክላ ሠሪ እናቶች ጠይቆ ማግኘት ይችላል። ጨውም ስንዴም የለበትም፣ ክብደቱም ለእጅ ጥሩ ሥራ ነው። የሚከለክለኝ ውኃ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ከጭቃ ጨዋታ በኋላ ልጅን፣ ልብስንና ወለልን በጀሪካን ውኃ ማጠብ ከባድ ነው። ሊጡ በዚህ በኩል ይቀላል፤ ወለል ላይ የወደቀውን በእርጥብ ጨርቅ ከማሸት ይልቅ እስኪደርቅ ትቶ መጥረግ ይበቃል።

ወደ ትምህርቱ ስንመጣ፣ በማንኛውም ሊጥ ልጅ የሚማረው አብሮት የተቀመጠ ሰው ሲኖር ነው። «ምንድን ነው የሠራሽው?» የሚለው ጥያቄ ለሁለት ዓመት ልጅ አይመችም፤ ገና ምንም ልትሠራ አላሰበችምና። ይልቅ እጇ የሚሠራውን እየተከተሉ መናገር ነው፦ «ጠፈጠፍሽው፣ አሁን ደግሞ አድቦለቦልሽው፣ ይሄ ረዘመ፣ ያ አጠረ፣ ይሄኛው ሻከረ።» ድቡልቡል፣ ጠፍጣፋ፣ ቀጭን፣ ወፍራም፣ ከላይ፣ ከሥር የሚሉት ቃላት በሥዕል መጽሐፍ ላይ ከሚያዙት ይልቅ እጅ ላይ ሲዳሰሱ ቶሎ ይያዛሉ። አንድ ዓመት ተኩል የሆነው ልጅ መውጋትና መቦጨቅ ይበቃዋል። ወደ ሁለት ተኩል ሲጠጋ እያንከባለለ ማርዘም ይጀምራል፤ ወደ ሦስት ሲቃረብ የሠራውን እንጀራ ነው፣ ሳምቡሳ ነው ብሎ ለእንግዳ ማቅረብ ይመጣል፤ የቡና ሥነ ሥርዓቱም ሳይቀር ይከተላል።

ቁጥር ለማስተማር መቸኮል ግን አልወድም። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ እኩል የሆኑ ሁለት የጭቃ ድቡልቡሎችን ለልጆች አሳይቶ አንዱን ሲያረዝመው ወይም ሲጠፈጥፈው፣ ትንንሾቹ ልጆች ብዛቱ የተለወጠ ይመስላቸው ነበር፤ ብዛቱ ያው መሆኑን የሚረዱት ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ነው። እንግዲህ ሦስት ዓመት ያልሞላትን ልጅ «እኩል እኮ ነው!» እያሉ መሟገት ለማንም አይጠቅምም። ሊጡን መክፈል፣ መልሶ ማዋሐድ፣ «ለአባባ አንድ፣ ለእማማ አንድ» እያሉ ማደል ይበቃታል።

ለዚህ ጨዋታ የሚሆን መሣሪያ በየቤቱ አለ። ሹካ ነጠብጣብ ይሠራል፣ የስኒ አፍ ክብ ይቆርጣል፤ አሮጌ ሰፌድ ላይ የተጫነ ሊጥ የስፌቱን ጥለት ይዞ ይነሣል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ደግሞ በላዩ ያሉትን መስመሮች አትሞ ይተዋል። ከፋብሪካው ኮከብና ዓሣ ይልቅ የሰፌዱ ጥለት ልጄን ረዘም ላለ ጊዜ አስቀምጧታል። መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥንም ስልክም በማይኖርበት ምሽት በተለይ።

ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው ነገሮች ዋናው ጨው ነው። ትንሽ የቀመሰ ልጅ ብዙውን ጊዜ ይተፋዋል፤ ብዙ ከዋጠ ግን የዚህን ያህል ጨው ለሕፃን አደገኛ ስለሆነ ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል። ለውሻም እንዲሁ አደገኛ ስለሆነ በጣፎና በለገጣፎ ግቢ ውሻ የሚያሳድጉ ሰዎች የተረፈውን ደጅ መጣል የለባቸውም። የተሰነጠቀ ወይም ቁስል ያለበትን እጅ ያቃጥላል። ለማስጌጥ ተብሎ ሽምብራ፣ ዶቃ ወይም የጠርሙስ ክዳን መስጠት ጉሮሮ ላይ ሊሰነቀር ስለሚችል ከሦስት ዓመት በታች ፈጽሞ አይሆንም። ሱቅ ውስጥ ከሊጡ ጎን የሚቀመጠው የሚዝለገለገው «ስላይም» የሚባለው ነገርም ለዚህ ዕድሜ አይደለም።

በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለሆነ ክፍት የተተወ ሊጥ በፍጥነት ይጠጥራል፤ የቤቱ በዘይቱ ምክንያት ትንሽ ይታገሣል፣ በክዳን ዕቃ ከተያዘ ደግሞ ሳምንታት ይቆያል። በክረምት በተቃራኒው ጨው እርጥበት ስለሚስብ ይላላል፤ ጥቂት ዱቄት መነስነስ ያስተካክለዋል። ሻጋታ ካወጣ ወይም ከሸተተ ይጣል።

ዱቄት ማማሰል ለማይመቸው ወላጅ ባለ ማርካው ሊጥ በነጠላ ከተገኘ ሁለት ቀለም ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በአንድ ቀን ተደባልቆ ቡናማ ነው የሚሆነው። ማርካ የሌለውን የሚገዛም ካለ ልጁ ሦስት ዓመት ይሙላው፣ ሻጩንም አስፈቅዶ አንዱን ክዳን ከፍቶ ያሽትተው። የሰፈራችን ባለ ሱቆች ሊጡን ከፕላስቲክ ቅርጹ ነጥለው፣ ከምን እንደተሠራ በአማርኛ ለጥፈው ቢሸጡ፣ እኔም አልፎ አልፎ ሰማያዊውን ለመግዛት አላመነታም፤ ሰማያዊ በእርድም በቀይ ሥርም አይወጣምና።