ኩሽኔታው ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ ለነገሩኝ መካኒክ ምስጋና

ሳሪስ አካባቢ ትንሽ ጋራዥ ያላቸውን አንድ መካኒክ በአደባባይ ላመሰግን ነው። አዲስ ዕቃ አስገጥማችሁ ወር ሳይቆይ ተመልሳችሁ ጋራዥ ለምትቆሙ ደግሞ ጥቆማ ይሁናችሁ። ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳላወጣ አደራ ብለውኛል፤ ግቢያቸው ጠባብ ነው፣ ረዳታቸውም አንድ ልጅ ብቻ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ስለሚላቸው እኔም በዚሁ እቀጥላለሁ።

መኪናዬ እንደ ፈረንጆቹ በ2004 የተሠራች ኮሮላ ናት፤ እንጀራዬም በእሷ ላይ ነው። የቀኝ የፊት ጎማዋ ኩሽኔታ (በሁለት ቀለበቶች መሀል ኳሶች ያሉት፣ ጎማው ሳይንገዳገድ እንዲዞር የሚያደርገው ዕቃ) በተቀየረ በጥቂት ወራት ተመልሶ መጮህ ልማዱ ሆኖ ነበር። ጩኸቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከተማ ውስጥ በዝግታ ስትነዱ አይሰማም፤ የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ስትወጡ ግን ከወለሉ ሥር ማጉረምረም ይጀምራል፣ ፍጥነት ሲጨመር እየጎላ ሬዲዮኑን ይውጠዋል። ብዙ ሰው የጎማ ድምፅ መስሎት ጎማ ይቀይራል። ዕቃውን የሸጠልኝ ዘንድ ስሄድ «ገጣሚው ነው ያበላሸው» ይለኛል፤ የገጠመልኝ ዘንድ ስሄድ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይለኛል። ሁለቱም ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ላይ ጥርጣሬ የለም። በመሀል የሚከፍለው እኔ ነኝ።

ጋሼ መጀመሪያ የጠየቁኝ አዲስ ኩሽኔታ ይዤ እንደመጣሁ አልነበረም። «የወጣውን አሮጌውን የት አደረስከው?» አሉኝ። ደግነቱ ከተቀየሩት ሁለቱ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልለው ነበሩ።

እነሱን ከማየታቸው በፊት መኪናዋን ራሳቸው ነዱ። ወደ ግራ ሲጠመዝዙ ድምፁ ጎላ፣ ወደ ቀኝ ሲመልሱ ቀነሰ። ወደ ግራ ሲታጠፍ የመኪናው ክብደት ቀኝ ጎማ ላይ ስለሚጫን የታመመው የቀኙ ነው ማለት ነው። ከዚያ በክሪክ አንስተው፣ እጄን ይዘው ከጎማው በላይ ያለው ሞላ (ጥቅልሉ ብረት) ላይ አስቀመጡትና ጎማውን በሌላ እጃቸው አዞሩት። አሸዋ የገባበት ወፍጮ የሚያዞር ሰው የሚሰማው ዓይነት ንዝረት በሞላው በኩል መዳፌ ውስጥ ገባ። በግራው በኩል እንዲሁ ሲያደርጉ ምንም የለም። ይህን ሙከራ ማንም ሰው ቤቱ በር ላይ ሊሠራው ይችላል፤ መኪናው በሚገባ ተደግፎ መቆሙን ብቻ አረጋግጡ።

አሮጌዎቹን ኩሽኔታዎች ሞርሳ (ብረት ጨምድዶ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ አስረው ቆረጧቸው፣ በናፍጣ አጥበው አደረቋቸው። የመጀመሪያውን ቀለበት ወደ ብርሃን አዙረው «ጥፍርህን አስኪድበት» አሉኝ። ኳሶቹ የሚሽከረከሩበት መስመር ላይ ጥፍሬ ያዝ፣ ለቀቅ፣ ያዝ፣ ለቀቅ አለ። ትንንሽ ስርጉዶች ናቸው፤ እርቀታቸው እኩል ነው፣ ልክ ኳሶቹ እንደተደረደሩበት። «ይህ በመንገድ የመጣ አይደለም፤ ሲገጠም በመዶሻ የተመታ ነው» አሉ። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ መገፋት ያለበት የውጭው ቀለበት ነው። የውስጡ ተመትቶ ከገባ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ያልፍና ብረቱን ያጎደጉደዋል። ያ ኩሽኔታ ከጋራዡ ሳይወጣ አልቆለታል፤ እኔ ለጥቂት ወራት የነዳሁት ሬሳውን ነው።

ሁለተኛው ላይ ስርጉድ የለም። ከውስጥ በኩል ግን ብረቱ ሰማያዊ ወደ ጥቁር የሚወስድ ቀለም ይዟል፣ ዙሪያውን የተጫረ መስመር አለበት። ጋሼ ይህን ሲያዩ ኩሽኔታውን ትተው ወደ ሞዞው ዞሩ፤ ቸርኬው የሚታሰርበትን ብረት ማለቴ ነው። አሮጌ ኩሽኔታ ሲወጣ የውስጡ ቀለበት ግማሹ ብዙ ጊዜ ሞዞው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። እሱን በግራይንደር ለመቁረጥ የቸኮለ ሰው ሞዞውንም አብሮ ይነካዋል። የእኔ ላይ ጠባሳው በዓይን ይታያል፤ ውፍረት በሚለካው ማይክሮ ሜትር ሲለኩትም ቀጥኗል። አዲሱ ቀለበት እዚያ ላይ ነክሶ መቀመጥ ሲገባው ይሽከረከር ነበር፤ ሲሽከረከር ይግላል፣ ግራሶው ይቃጠላል። የፈለገውን ያህል ውድ ኩሽኔታ ቢገባ ያው ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሻጩም ነጻ አልወጣም። የሁለተኛው ኩሽኔታ ካርቶን አብሮት ነበርና፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ቀለበቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር አንድ አይደለም። እንግዲህ ስሙ የጃፓን፣ የትውልድ ቦታው አይታወቅም።

«ኦሪጅናል» በሚለው ነገር ላይ ጋሼ የነገሩኝ ለብዙዎቻችሁ ይጠቅማል። የመኪና ፋብሪካዎች ኩሽኔታቸውን ባብዛኛው ከኩሽኔታ ፋብሪካዎች ነው የሚገዙት። ለምሳሌ ኮዮ የሚለው ስም የጄቴክት ነው፤ ጄቴክት ደግሞ በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኮዮ ሴይኮ እና ቶዮዳ ማሽን ዎርክስ ተዋህደው የመሠረቱት የቶዮታ ቡድን አባል ኩባንያ ነው። ስለዚህ የመኪናው ስም ያለበት ካርቶን ውስጥ የምታገኙትን ጥራት፣ ሠሪው በራሱ ካርቶን ሲሸጠው በአነስተኛ ዋጋ ልታገኙት ትችላላችሁ። ችግሩ ገበያው ውስጥ አብዝተው የሚቀዱትም እነዚሁ የታወቁ ስሞች መሆናቸው ነው። ጽሑፉ ጥርት ብሎ መቀረጹ ማስረጃ አይሆንም፤ ቀጂውም ሌዘር አለው። የካርቶኑና የብረቱ ቁጥር መመሳሰሉን እዩ፣ ዕቃውን በቻሲስ ቁጥር አስፈልጉ፣ ደረሰኝ ከሚሰጥና ዕቃ ከሚመልስ ሰው ግዙ። ደረሰኝ ስትጠይቁት የሚስቅ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ሞዞውን ፍለጋ አብረን መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወረድን። ጋሼ ማይክሮ ሜትራቸውን በኪሳቸው ይዘው ነበር፤ እያንዳንዱን ሞዞ ሲለኩ ሻጩ «ወርቅ ነው እንዴ የምትገዙት?» እያለ ቢያላግጥም አንገታቸውን ቀና አላደረጉም። ከጃፓን መኪና የወጣ፣ ያልተነካ አንድ መረጡ። ኩሽኔታውን ግን አዲስ ገዛን። ያገለገለ ሞዞ ይገዛሉ፤ ያገለገለ ኩሽኔታ በነጻ ቢሰጧቸው አይነኩም። እኔም ከዚያ ቀን በኋላ «አዲስ ይሻላል፣ ያገለገለ ይሻላል» የሚለውን ክርክር ትቻለሁ፤ የትኛው ዕቃ እንደሆነ ሳይጠየቅ መልስ የለውም።

መግጠሙ ከመፈለጉ ያነሰ ጊዜ ወሰደ። ሁሉም በፕሬስ፣ ማለትም ዕቃን በቀስታ ገፍቶ በሚያስገባ ማሽን ገባ፤ መዶሻ ከግድግዳው አልወረደም። የዘንጉን ዳዶ ለማጥበቅ ረዳቱ መፍቻው ላይ ረጅም ቧንቧ ሊሰካ ሲል ጋሼ ቧንቧውን ወሰዱበትና የማጥበቂያ ኃይል የሚለካውን መፍቻ ሰጡት። የዚህች መኪና ልክ 216 ኒውተን ሜትር ነው። ከላላ ኩሽኔታው ይጫወታል፣ በግምት ከተጠበቀ ደግሞ የሚጎዳው አይታወቅም። ዳዶውም አዲስ ነው፤ አሮጌው አንዴ ተጠርቦ የተቆለፈ ስለሆነ ሁለተኛ አይታመንም አሉ።

ከዚያ ወዲህ ክረምቱ ከነጎርፉ አልፏል፣ ጎማው ዝም ብሏል።

ይህን ያህል የዘረዘርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላም የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ያሉን አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። አንዱን ዕቃ ደጋግሞ መግዛት የሚችል አቅም ያለው ሰው አላውቅም። ፕሬስ የሌለው ጋራዥ ብዙ ነው፤ ባለቤቶቹንም አልረግምም፣ ማሽኑ ርካሽ አይደለም። ነገር ግን ፕሬስ የሌለው ሰው «ይህን ሌላ ቦታ አስገባው» ቢል ክብሩ አይቀንስም።

ጋሼ ጉድለት የላቸውም አልልም። የእጅ ዋጋቸው ከለመድነው ከፍ ይላል፣ ስልክ ቶሎ አያነሡም፣ ለቸኮለ ሰው ፊታቸው አይፈታም። የተነገራችሁን ዋጋ ግን ሥራው ካለቀ በኋላ አይጨምሩም፣ የወጣውን አሮጌ ዕቃም ሳትጠይቁ በእጃችሁ ያስረክቧችኋል። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። እሑድ አይሠሩም። ዕቃ ገዝታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ አማክሯቸው፤ ያላመኑበትን ኩሽኔታ ለምናችሁም አይገጥሙትም።