ቀጥታ ኬብል፣ አይስካዚ ወይስ ፋይበር ቻናል? ጎንደር ላይ ስቶሬጅ ለሚገዙ

ጎንደር ውስጥ ለሆስፒታል፣ ለኮሌጅ ወይም ለብድርና ቁጠባ ተቋም ፕሮፎርማ ስትሰበስቡ ሰርቨሮችን ከስቶሬጅ (ሰርቨሮቹ በጋራ ከሚጠቀሙበት የዲስክ ሳጥን) የማገናኛው ዋጋ በሦስት ዓይነት ይመጣላችኋል፦ ያለ ስዊች በቀጥታ ኬብል፣ በኢተርኔት የሚሄደው አይስካዚ፣ እና ለስቶሬጅ ተብሎ የተሠራው ኔትወርክ፣ ፋይበር ቻናል። ሻጮች የሚያወዳድሩት ፍጥነት ነው። እናንተ ግን መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ አንድ ኬብል፣ አንድ ስዊች ወይም አንድ ዩፒኤስ ቢሞት ሰርቨሮቹ ዲስካቸውን በሌላ መንገድ ያገኙታል? ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበት ቦታስ አለ?

ሦስት ሰርቨርና ባለ ሁለት ኮንትሮለር (ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው ክፍል) ስቶሬጅ ላለው የሰርቨር ክፍል ሦስቱ እንዲህ ይተያያሉ።

| | ቀጥታ ኬብል | አይስካዚ | ፋይበር ቻናል |
|---|---|---|---|
| ስዊች | የለም | 2 ባለ 10 ጊጋቢት | 2 ፋይበር ቻናል |
| ኬብል | 6 | 10 | 10 |
| የማዋቀር ሥራ | ትንሽ | ቪላን፣ አይፒ፣ ኤምቲዩ | 6 ዞን (የትኛው ፖርት ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ የሚወስን ቡድን) |
| ማደግ የሚችለው | የስቶሬጁ ፖርት እስኪያልቅ | እስከ ስዊቹ ፖርት | ላይሰንስ እስከተገዛለት ፖርት |

ሰርቨሮቹ ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑና ቶሎ የማይበዙ ከሆነ ስዊች አትግዙ። እያንዳንዱ ኮንትሮለር አራት ፖርት ካለው፣ ከየሰርቨሩ አንድ ኬብል ወደ ኮንትሮለር ሀ፣ አንድ ወደ ኮንትሮለር ለ እየዘረጋችሁ እስከ አራት ሰርቨር ታስተናግዳላችሁ። ዞን የለም፣ ላይሰንስ የለም፣ የሚበላሽ ነገርም ጥቂት ነው። አምስተኛው ሰርቨር ሲመጣ ግን ቦታ የለውም። ሞዴሉ ቀጥታ ግንኙነት እንደሚቀበል ከሻጩ በጽሑፍ ያዙ።

የአይስካዚ ትልቁ ጥቅም የኔትወርክ ባለሙያችሁ ቋንቋውን አስቀድሞ የሚያውቀው መሆኑ ነው። ስዊቾቹ ግን ከቢሮው ኔትወርክ የተለዩ ይሁኑ፤ እያንዳንዱ መንገድም የራሱ ቪላን (በስዊቹ ውስጥ የተለየ ኔትወርክ) እና የራሱ አይፒ ክልል ይኑረው። ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። የመጀመሪያው ኤምቲዩ፣ ማለትም የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን በባይት፣ ነው። ሰርቨሩና ስቶሬጁ 9000 ተደርገው ስዊቹ በ1500 ከቀረ ተራው ትንሽ ፒንግ ይሠራል፣ ዲስኩም ይታያል፤ ትልቅ ፋይል ሲጀመር ግን ሁሉም ነገር ይቆማል። ለማረጋገጥ ፓኬቱ እንዳይከፋፈል አድርጋችሁ በ8972 ባይት ፒንግ ላኩ። ሁለተኛው ሁለቱን ስዊች ስታክ አድርጎ እንደ አንድ መሣሪያ ማሠራት ነው። ለማስተዳደር ይመቻል፤ ሶፍትዌር ሲታደስ ግን ሁለቱም አንድ ላይ ጠፍተው ሊነሱ ይችላሉ፣ ያኔ ተጠባባቂ መንገድ የሚባል ነገር አይኖርም። ፖርቶችን እንደ አንድ በሚያጣምረው ኤልኤሲፒ ማያያዝም አያስፈልግም፤ መንገድ መቀያየር የመልቲፓዝ፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ መንገድ የሚመርጠው ሶፍትዌር፣ ሥራ ነው።

ፋይበር ቻናል ዋጋው ከበድ ይላል፤ ከባድ ዳታቤዝ ላለውና ሰርቨሩ ለሚበዛ ተቋም ግን ገንዘቡ ይገባዋል። ዋናው ሕግ ሁለት ስዊች፣ ሁለት ፋብሪክ (ራሱን የቻለ የፋይበር ቻናል ኔትወርክ)፣ በመካከላቸው ምንም ኬብል አለመኖር ነው። «ይበልጥ እንዲጠነክር» ብሎ ሁለቱን ስዊች በኬብል የሚያገናኝ ጫኚ ሁለቱን ፋብሪክ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ያን ጊዜ አንድ የተሳሳተ የዞን ለውጥ ሁለቱንም መንገድ በአንድ ጊዜ ይዘጋል።

ዞኒንጉን ከላይ ባለው ክፍል ላይ እንየው። ከየሰርቨሩ አንድ ፖርት ወደ ፋብሪክ ሀ፣ አንድ ወደ ፋብሪክ ለ ይሄዳል። እያንዳንዱ ኮንትሮለርም አንድ ኬብል ለሀ፣ አንድ ለለ ይሰጣል። ስለዚህ በየስዊቹ የሚያዘው 3 ሲደመር 2፣ 5 ፖርት ነው። በየፋብሪኩ ሦስት ዞን ይሠራል፤ በአንድ ዞን ውስጥ አንድ የሰርቨር ፖርትና ሁለቱ የኮንትሮለር ፖርቶች ብቻ ይገባሉ። ሁሉንም ሰርቨር በአንድ ዞን ማጎር ሥራ ያቀልላል፤ ነገር ግን አንዱ ሰርቨር ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር የለውጡ ማሳወቂያ ሌሎቹንም ይረብሻል። በትክክል ከተሠራ እያንዳንዱ ሰርቨር ለአንድ ዲስክ 4 መንገድ ያያል። 2 ብቻ ካየ አንድ ፋብሪክ ወይም አንድ ኮንትሮለር ቀርቷል ማለት ነው፤ ርክክብ አትፈርሙ።

ዞኑ በስዊቹ ፖርት ቁጥር ሳይሆን በፋይበር ቻናል ካርዱ ባለ 16 አሃዝ መለያ ይሠራ። በፖርት ቁጥር ከተሠራ ኬብሉ ወደ ሌላ ቀዳዳ በተዛወረ ቀን ሰርቨሩ ዲስኩን ያጣል። በመለያው ሲሠራ ደግሞ ካርድ ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራልና ዞኑም፣ ስቶሬጁ ላይ ያለው የሰርቨሩ ምዝገባም አብረው መታረም አለባቸው። ቁጥሩን በእጅ አትጻፉ፤ ስዊቹ ራሱ ካያቸው መለያዎች ዝርዝር ላይ ቅዱ። የተጻፈ ዞን እስኪነቃ ድረስ አይሠራም። የዞኖቹ ስብስብ፣ ብሮኬድ ስዊች ላይ ኮንፊግ፣ ሲስኮ ስዊች ላይ ዞንሴት የሚባለው፣ መንቃት አለበት።

ስዊች ሲመረጥ ብሮኬድ ጂ610 እና ሲስኮ ኤምዲኤስ 9132ቲ ፕሮፎርማ ላይ ጎን ለጎን ሊቀርቡ ይችላሉ። ጂ610 እስከ 24 ፖርት ያለው፣ በ8 ፖርት ላይሰንስ የሚጀምር ስዊች ነው፤ የማይነቀል አንድ ፓወር ሰፕላይ ብቻ አለው። 9132ቲ ሳይጠፋ የሚቀየሩ ሁለት አለው። ፋብሪኩ ሁለት ስለሆነ ጂ610 በዚህ ምክንያት ብቻ ከውድድር አይወጣም፤ ግን ሁለቱ ስዊቾች የግድ በተለያየ ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ። ዩፒኤሳችሁ አንድ ብቻ ከሆነ፣ በሁለተኛው ስዊች ላይ ከምታወጡት ገንዘብ በፊት ሁለተኛ ዩፒኤስ ይቀድማል። ያገለገለ ስዊች የሚገዛ ሰው ላይሰንሱን ይቁጠር፣ የድሮውን ዞን ያጥፋ። ባለ 32 ጊጋቢት ሞጁል (ስዊቹ ላይ የፋይበር ኬብሉ የሚሰካበት ክፍል) ከባለ 4 ጊጋቢት ካርድ ጋር እንደማይግባባም ይወቅ፤ ወደ ኋላ የሚሄደው እስከ 8 ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ቅደም ተከተሉ ስዊች፣ ስቶሬጅ፣ በመጨረሻ ሰርቨር ነው። ሰርቨሩ ከቀደመ ዲስኩን ሳያገኝ ይነሳል። የከተማዋ ከፍታም በማቀዝቀዣው ስሌት ውስጥ ይግባ፤ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር አሽሬ ለሰርቨር ክፍል ባወጣው ኤ2 ደረጃ የ35 ዲግሪ ሴልሺየሱ ጣሪያ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀንሳል፤ እዚህ ወደ 31 ይወርዳል ማለት ነው።

ክፍል ውስጥ ኦኤም4 የሚባለው የፋይበር ኬብል በ32 ጊጋቢት 100 ሜትር ይበቃል፣ ኦኤም3 70 ሜትር። ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ሲሆን ለረጅም ርቀት የሚሆነው ሲንግል ሞድ ፋይበርና የረጅም ርቀት ሞጁል ያስፈልጋል፤ የተለመደው 10 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከፒያሳ አዘዞ ለመዘርጋት በእሱ አትመኩ።

ጨረታው ላይ የርክክብ ፈተና ጻፉ። ዳታ እየተጻፈ አንድ ኬብል ይነቀል፣ ቀጥሎ ሙሉ ስዊች ሀ ይጥፋ፣ ተመልሶ አራቱም መንገድ ከታየ በኋላ ስዊች ለ ይጥፋ፣ ከዚያ አንድ ኮንትሮለር። ሰርቨሩ ለጥቂት ሰከንድ ቢዘገይ ችግር የለውም፤ ዲስኩ ከጠፋ ወይም ሰርቨሩ ጠፍቶ ከተነሳ ሥራው አላለቀም። ዋጋው ውስጥም ሁለት ሞጁል፣ ሁለት ኬብልና አንድ የሰርቨር ካርድ መለዋወጫ ይካተት፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የምትጠብቁት በአንድ መንገድ ብቻ እየሠራችሁ ነው።