ፔትራን «በአንድ ቀን» ከመግዛታችሁ በፊት

ወገኖቼ፣ ኢየሩሳሌምን ተሳልሜ በዚያው ወደ ዮርዳኖስ አገር ተሻግሬ ከዓለት የተፈለፈለችውን ጥንታዊት ከተማ ፔትራን ልይ የምትሉ ካላችሁ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። እኔና ታላቅ እህቴ ተሸውደናል።

ማስታወቂያው «ፔትራ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን፣ ሁሉም ወጪ የተጠቃለለበት» ይላል። አመንን። ኤላት፣ የእስራኤልና የዮርዳኖስ ድንበር ላይ ስንደርስ ግን የመውጫ ክፍያ፣ የሌላኛው ወገን ክፍያ፣ ለሹፌርና ለአስጎብኚ ጉርሻ እየተባለ ገና ዮርዳኖስን ሳንረግጥ ኪሳችን ሳሳ። ግዴታ የሆነ ጉርሻ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ደረሰኝ ስንጠይቅ ገንዘቡን የሚሰበስበው ሰውዬ ሳቀብን።

ከድንበሩ ሁለት ሰዓት ያህል ይነዳል። መሀል ላይ አንድ የቅርሳ ቅርስ ሱቅ አስገብተው ሃምሳ ደቂቃ አስቀመጡን (የቡናውን ዋጋ አልነግራችሁም፣ ትናደዳላችሁ)። ለፔትራ የተረፈን ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ። ከበሩ እስከ ገደሉ አፍ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አለ፣ ከዚያ ሲቅ የሚሉት ጠባብ መተላለፊያ 1.2 ኪሎ ሜትር፣ መልሱ ደግሞ ያው ነው።

ሲቅን ግን አላማውም። ቀና ስትሉ ሰማዩ ክር ያህላል፣ ድንጋዩ እንደ ጥለት ቀይና ሮዝ እየተቀላቀለ ይሄዳል፣ በጎን ናባታውያን (ፔትራን የሠሩት የጥንት ሕዝብ) የዛሬ 2000 ዓመት ገደማ ውሃ ያሳለፉበት ቦይ አሁንም ይታያል። ከዚያ ገደሉ ድንገት ይከፈትና አል ኸዝነህ የሚሉት ሕንጻ ከአለት የተፈለፈለ፣ 40 ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ፊታችሁ ይቆማል። እህቴ አማተበች። ላሊበላን አይታ ያደገች ሴት ናት እኮ!

አስጎብኚያችን «ቤተ መቅደሱ ይኸው፣ ፎቶ ተነሱና እንመለስ» አለ። የትኛው ቤተ መቅደስ? አል ኸዝነህን አብዛኞቹ አጥኚዎች የንጉሥ መቃብር ነው የሚሉት። ቤተ መቅደሱ ቀስር አል ቢንት ከታች፣ ዓምዶች ከተደረደሩበት መንገድ ጫፍ ላይ ነው፤ ግድግዳው ዛሬም 23 ሜትር ያህል ቆሟል። ከሱ ወዲያ 800 ገደማ ደረጃ ስትወጡ ደግሞ አድ ደይር («ገዳሙ») የሚሉት ሌላ ከአለት የተፈለፈለ ትልቅ ሕንጻ አለ። ሁለቱንም ሳናይ ተመለስን።

ፈረሱም ሌላ ጣጣ ነው። «ቲኬታችሁ ውስጥ አለ፣ በነጻ» ይሏችኋል፣ እውነትም አለ። ግን ባለፈረሱ ሲቅ አፍ ላይ ያወርዳችሁና ጉርሻ ይላል። እህቴን 20 ዶላር ነው የጠየቃት፣ 5 ስትሰጠው ተቆጣ። ስንት እንደምትሰጡ ሳትወጡ ተነጋገሩ፣ ካልሆነ በእግራችሁ ሂዱ፣ ቁልቁለት ነው። «የናባታውያን ሳንቲም» የሚሸጥላችሁም ልጅ አለ፣ እለፉት።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ይህ ነው። እኛ በሄድንበት ጊዜ ዮርዳኖስ ለሚያድር ሰው የአንድ ቀን መግቢያ 50 ዲናር፣ የሁለት ቀን 55 ነበር። ሳያድር ለሚመለስ 90! እኛ ትንሹን ሰዓት በትልቁ ዋጋ ገዛን ማለት ነው። ዋዲ ሙሳ፣ እዚያው በሩ ላይ ያለችው ከተማ፣ አንድ ሌሊት አድረን ቢሆን ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ገብተን ደይር ድረስ እንወጣ ነበር።

እንግዲህ የምትገዙበትን ድርጅት ግቢው ውስጥ ስንት ሰዓት እንደምትቆዩ፣ የድንበሩን ክፍያ ማን እንደሚከፍል፣ ቀስር አል ቢንት ድረስ ትሄዱ እንደሆነ በጽሑፍ አስመልሱት። በስልክ ሁሉም «ችግር የለም» ነው።

እህቴ ለድርጅቱ ቅሬታ ጽፋ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት መልስ መጣላት፦ ለሚቀጥለው የፔትራ ጉዞ 10 በመቶ ቅናሽ።